የሁለት ሰው ክትባት

ልጆቼ፣ በዚያ የወረርሽኝ ዘመን ክትባቱ የሚሠራው ለሁለት ሰው ነበር። አንዲት ተንከባካቢ ክትባቱን ስትወስድ የአንድ አረጋዊ እጅ ትይዛለች፤ ሁለቱም ይድናሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ከነካች ክትባቱ ይፈርሳል። የቀረውን ሰው ማሽን ይጦረዋል።

በአረጋውያን ቤታችን እኔና እትዬ አስካለ አንድ ክፍል ነበርን። ሁለታችንንም የምታጎርሰን ተንከባካቢያችን ብርቅነሽ ነበረች። የክትባቱ ዕለት መርፌ ወጊው በር ላይ እየጠበቀ፣ እሷ በአልጋዎቻችን መካከል ቆመች።

«የማንን እጅ ልያዝ፣ እናቶቼ?» አለች።

እኔ እጄን አልጋው ላይ እንደዘረጋሁ ቆየሁ። እትዬ አስካለ ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«የኔ እጅ በረዶ ነው፣ ልጄ፤ ብርድ አስመታሻለሁ። የሷን ያዢ።»

ብርቅነሽ እያለቀሰች የኔን ያዘች።

ከዚያ ወዲያ በመካከላችን መስታወት ቆመ። በየምሳው ማሽኑ ክንዱን ዘርግቶ እትዬ አስካለን አንድ ጊዜ ብቻ ያጎርሳትና ሳህኑን ጭኗ ላይ ትቶላት ይሄዳል።

«አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ የነገረው የለም?» ትላለች ከመስታወቱ ወዲያ። «እኔና ይሄ ሰውዬ ተኳርፈናል።»

እንስቃለን። ብርቅነሽም ለኔ ሁለተኛውን ትጠቀልላለች።

አንድ ቀን ማሽኑ እንደ ልማዱ ክንዱን ዘረጋ። እትዬ አስካለ አፏን አልከፈተችም። ብርቅነሽ መስታወቱን በመዳፏ መታች፣ ስሟን ጠራች። ማሽኑ ጉርሻውን ከንፈሯ ፊት ይዞ ይጠብቃል።

እኔ ሁለተኛው ጉርሻ አፌ ውስጥ ነበር።