ስንጥቁ አገጩ ጋ ሲደርስ

የመኪና መስታወት ያየውን ሁሉ ይዞ ማስቀረት ከጀመረ ወዲህ ደንበኛ ማግኘት ፈተና ሆኖብኛል። ስንጥቅ ስደፍን በቦታው ያለው ምስልም አብሮ ይጠፋላ!

ዛሬም በገበያው መኪና ማቆሚያ ስዞር አንዲት አሮጌ ቪትዝ አየሁ። የፊት መስታወቷ ከታች ተሰንጥቆ ስንጥቁ ወደ መሀል እየወጣ ነው። መሪው ላይ የተቀመጡትን አሮጊት ጠጋ ብዬ፣

"እናቴ፣ መስታወቱን ልጠግንልዎ?" አልኳቸው።

"ሂድ ወዲያ! በላቸው አለበት።"

"በላቸው ማነው?"

"ባለቤቴ ነዋ!"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ ሰውዬ ዝናብ እየወረደበት መስታወቱን እያንኳኳ ይስቃል።

"ነፍሱን ይማረውና፣ ላበሽቀው ብዬ በሩን ቆልፌበት ነው" አሉኝ ፈገግ ብለው።

"ስንጥቁ አገጫቸው ጋ ደርሷል እኮ። ዝም ካሉት በሳምንት ውስጥ ፊታቸውን ለሁለት ይከፍለዋል።"

"ከደፈንከውስ?"

"አገጫቸው ይጠፋል።"

ሴትዮዋ ከመኪናው ወረዱና ያንን አገጭ በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።

"ጢሙን ሲላጭ ሁልጊዜ እዚህች ጋ ያስቀር ነበር" አሉ። "በል፣ አገጩን ውሰደው። ሳቁን ግን እንዳትነካብኝ።"