የጠጅ ሳር ጠብታ

ሱፐርቫይዘሩ ጋሽ ክብሩ መዳፋቸውን ዘርግተው ፊቷ ሲቆሙ፣ ሐዳሳ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። የጠየቋት ጉያዋ ውስጥ የደበቀቻትን የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ነው፤ ውስጧ ያለው ግን የጠጅ ሳር ዘይት ነው፣ ሽታው አሳብቆባታል።

«ነጭ ሸሚዝ እየሰፋሽ ዘይት?» አሉ። «አንዲት ጠብታ ያረፈችበት ቀን አንቺም እኔም ከዚህ ፋብሪካ ተባረርን ማለት ነው!»

«ጨርቁ አጠገብ አላስጠጋትም፣ ጋሼ። አክስቴ ከወንዶ ገነት ወደ ሐዋሳ ሲመጡ ነው የሚያመጡልኝ። የማሽኑ ጩኸትና የኮታው ጥድፊያ ሲያስጨንቀኝ መሐረቤ ላይ ጠብ አድርጌ አሸተዋለሁ።» ብልቃጧን ሰጠቻቸው።

ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይወረውሯታል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ገና አሁን ሥራ አስኪያጁ ጮኸውባቸው ከቢሮ መውጣታቸው ነበር፤ የሸሚዛቸው ጀርባ በላብ ተጣብቋል። ፊታቸውን ከጨርቁ አዙረው ክዳኗን ከፈቱና የራሳቸው መሐረብ ላይ ጠብ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሽታውን በረጅሙ ሳቡ። ጆሯቸው ድረስ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

ብልቃጧን መለሱላትና ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤

«እኚያ አክስትሽ፣ ተመልሰው መቼ ነው የሚመጡት?»