የበርሀ ሞተር

ኣዳነች ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛለች። አይቻታለሁ። እንዳላየ ሰው ጎንበስ ብዬ፣ ጠብቆ ያለቀ ብሎን መልሼ አጠብቃለሁ።

ሞተር ሳይክሉ ደጄ ላይ ቆሞ ሳይጠፋ ይጮሃል። የተከልኩበት ቻርጀር ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሁለት ስልክ ተሰክቷል፣ አሥራ አንዱ አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃል። መርሳ ከተማ ኔትወርክ ከተመለሰ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ መብራት ግን ገና ነው። ሰው ሁሉ ማን እንደተረፈ ለማወቅ መደወል ይፈልጋል፤ ስልኩ ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ ተዘግቶ የከረመ ነው። ስለዚህ በባዶ ሃይላንድ ትንሽ ቤንዚን ከየትም ፈልጎ ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔም እሰካለታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ «አላህ ይስጥህ ኡበይደላ» እየተባልኩ ከረምኩ። ምን ልደብቅ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሞተሩ የኔ አይደለም። የኣዳነች ባል የበርሀ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝቶ እስከ መቀሌ ሲነዳው የኖረ ትልቅ ሞተር ነው፤ ስቲከር እንኳ እንዲለጠፍበት አይወድም። ሐምሌ ላይ ለእህል ንግዱ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና «አማና ነው» አለኝ፤ ክርስቲያኑ ሰውዬ፣ በእኛው ቃል። አማና ይጠበቃል እንጂ አይነካም፤ ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ ስማር ነው ያደግኩት። የትግራይ ታጣቂዎች ከተማዋን ይዘው ቤት ለቤት ሲፈትሹ ከማሽላ አገዳ ሥር ቀብሬ አተረፍኩለት። በዚህ እኮራ ነበር። የዛሬ ሦስት ቀን ግን ከፍጥነት መለኪያ ጌጁ ሥር ያለውን ፕላስቲክ በጋለ ብረት በሳሁት፣ የባትሪውን ሽቦ ቆርጬ ፊውዝ አስገባሁ፣ ቻርጀሩን ተከልኩ። ሚስቱን አልጠየቅኋትም። ቤቷ ከኔ ቤት አራት በር ቢርቅ ነው። ብጠይቃት እሺ እንደምትል አውቃለሁ። ታጣቂዎቹ ለቀው ከወጡ በኋላ በሯ ላይ ድንጋይ ተወርውሯል፣ እሷም ከቤት አትወጣም። ትግሬ ቤት ስገባ መታየት ፈርቼ ነው። እውነቱ ይኸው ነው።

ተራዋ ይደርሳል። ሞተሩ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ ሁሉም እግር እግሩን ያያል።

«እንዴት አደርክ ኡበይደላ» ትላለች። «ለትንሽ ደቂቃ ብትሰካልኝ። በርሀ እየደወለ ዝግ ሆኖበት ይሆናል።»

ከነጠላዋ ሥር ሃይላንድ ታወጣለች፤ እስከ ግማሹ ቤንዚን አለው። «እሱ ለሞተሩ ብሎ ያስቀመጠው ነው» ትለኛለች።

«የሷ ስልክ ወዴት እንደሚደውል በምን እናውቃለን?» ይላሉ ጋሽ ሙሐመድዘይን፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። ልጃቸው ዓሪፍ ከመስከረም ወዲህ የገባበት አይታወቅም። ሦስቱንም ቀን ሲደውሉለት ነው የዋሉት። ሁሉም እኔን ያያል።

የሚያስፈልገው ሦስት ቃል ነው፦ ሞተሩ የባሏ ነው።

«ባትሪው ደክሟል እህቴ» እላለሁ። «ሌላ ቀን ይሻላል።»

እዚያው አጠገቤ የጎረቤታችን የከድጃ ስልክ ቻርጅ እየሞላ ነው፤ መብራቱ ይታያል። ኣዳነች ታየዋለች። ከዚያ የበሳሁትን ፕላስቲክ ታያለች፣ ጠርዙ ቀልጦ ተጨማድዷል። በጣቷ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች። ብትጮህብኝ ምንኛ በቀለለኝ።

«ይሁን። ቆሞ ከሚበላሽ ሰው ቢጠቀምበት ጥሩ ነው» ትላለች ቀስ ብላ። ሃይላንዱን ጎማው ሥር አስቀምጣ ትሄዳለች።

ሰልፉ ላይ ቀና የሚል የለም። ሞተሩ እየተቆራረጠ ይጮህ ጀመር፣ ቤንዚን እያለቀበት ነው። ዙሪያዬን ባይ ከሷ ሃይላንድ በቀር ምንም የለም። አነሳሁና ቀዳሁት። ከእፍረት ብዛት ፊቴ ይቃጠላል፤ እጄ ግን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይጠራል። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ኡበይደላ? በርሀ ነኝ።»



«የሰው ስልክ ነው የያዝኩት፣ ብዙ አልቆይም። የኣዳነች ስልክ ዝግ ነው። አለች? ንገረኝ፣ በሕይወት አለች?»

«አለች። ወላሂ ደህና ናት።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ የሚያለቅስ ሰው አተነፋፈስ ነው። ቆይቶ «የማን ሞተር ነው የሚሰማኝ?» ይላል።

ቁልፉን አዙሬ አጠፋዋለሁ። «የሰው ነው» እለዋለሁ። ይሄኛው ውሸት እንደ ቅድሙ እንኳ አልከበደኝም።

«ድምጿን አሰማኝ ወንድሜ፣ ቶሎ በል። ስልኩን ሊቀበሉኝ ነው።»

ሰልፉን ጥዬ እሮጣለሁ። ጋሽ ሙሐመድዘይን ከኋላዬ የሆነ ነገር ይላሉ፣ አልሰማቸውም። ቤቷ ደርሼ የቆርቆሮ በሯን በመዳፌ እመታለሁ። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ በሩ ስትመጣ እሰማታለሁ።

«ማነው?» ትላለች፣ በፈራ ድምፅ።

«እኔ ነኝ! ኡበይደላ ነኝ!»

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይቆማል። ጆሮዬ ላይ በርሀ «አገኘሃት? ኡበይደላ፣ አገኘሃት?» ይላል። በሩ አይከፈትም።