ያልተመዘገበች እናት

በአዲሱ ሕግ ዕውቀት የሚጠቀሰው ባወቀው ሳይሆን ቀድሞ ባስመዘገበው ሰው ስም ነው። ይህን ቆሻሻ ነው ሐቀኝነት የሚሉት።

ዓይናዲስ በመመረቂያ ጽሑፏ፣ መልካም የሸክላ አፈር በምላስ እንደሚለይ ከእናቷ ከሸክላ ሠሪዋ ትብለጥ መማሯን ጻፈች።

«ሰርቀሻል» አላት ፈታኙ። «ግኝቱ የዶክተር ሲራክ ነው።»

«ቤታችን ሰንብቶ፣ እናቴን ጠይቆ አይደል እንዴ የጻፈው!»

«እናትሽ አልተመዘገቡም። አርሚው፤ አለዚያ ምርቃት የለም።»

አረመችው። የእናቷን ስም ፍቃ የዶክተሩን አስገባች፤ ቤት ገብታም አንገቷን ደፍታ ነገረቻት።

ትብለጥ አልተቆጣችም። በማግስቱ ቆፍራ ያመጣችውን አፈር ቀመሰችና ተፋች።

«እንደ ዶክተር ሲራክ አባባል፣ ይሄ እሳት ላይ ይሰነጠቃል» አለች። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኝታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደህና አልኩ፣ ልጄ? ምርቃትሽን እንዳይከለክሉሽ ብዬ እኮ ነው።»