ሰው ያጣ መርዶ

መርዶ በወጉ የሚነገረው ማለዳ፣ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ነው። ሚስኪ ለሥራ በሄደችበት ጅዳ በኮሮና ስትሞት ግን እናቷ ያሉባት ሪያድም ተዘግታ ሰው ከሰው አይሰበሰብም ነበር። እዚያው ተቀበረች። ለእናቷ ለእማማ ቱርከያ «ሥራ በዝቶባት ነው» ተባለ።

ክልከላው ሲላላም ደፍሮ የሚናገር ታጣ። የሥራ ባልደረባዋ ኑረዲን በየሳምንቱ ሺፋ ሰፈር ቤታቸው እየሄደ አሮጊቷን ይጠይቃል። «ሚስኪ ምን አለች?» ይሉታል። የመጣለትን ፈጥሮ ይነግራቸዋል። ደግነቱ፣ አንድ ቀን እንኳ ድምጿን አሰማኝ ብለውት አያውቁም።

በዓመቱ ጓደኞቿ እዚያው ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ የመታሰቢያ ዐውደ ርእይ አሰናዱላት። ሚስኪ ዕድሜዋን የፈጀችው የድሮ የቤተሰብ ፎቶዎችን በመሰብሰብ ነበር። ጠርዝ ላይ ግማሽ ፊታቸው ተቆርጦ የቀሩትን ጥቁር ሞግዚቶችና ሾፌሮች አጉልታ ትሰቅላለች፤ «አገልጋይ» ተብለው የታለፉትን ሰዎች ስም አፈላልጋ ከሥር ትጽፋለች።

እማማ ቱርከያ «የልጄን ሥራ አሳዩኝ» አሉ። እምቢ አይባሉ ነገር። ኑረዲን የሞተችበትን ቀን የሚናገረውን ጽሑፍ ከግድግዳው አስነሣ፤ እንግዳው ሁሉ አፉን እንዲጠብቅ ለመነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት ሲያስፈራው ዋለ።

አሮጊቷ በየፎቶው ፊት ቆሙ።

«ሚስኪ ስለዚህችኛዋ ምን ትላለች?»

«መላዝ ሰፈር ውስጥ የሰው ልጆች ያሳደገች ሞግዚት ናት። ስሟን ያገኘችው ሚስኪ ናት።»

«ስታገኘው ደስ አላት?»

«አለቀሰች፣ እማማ።»

ዋሊድ የሚባል እንግዳ ቀረበና «እናቷ ነዎት? አላህ ያጽ…» ብሎ ጀመረ። ኑረዲን ክው አለ። እማማ ቱርከያ ግን «ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ውሃ ስጡኝ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ኑረዲን አልሐምዱሊላህ አለ በሆዱ።

ቤታቸው አድርሷቸው ደረጃውን ሲወርድ፣ ይህቺ እናት ልጇን አልቅሳ የመቅበር ወግ ቀርቶባት፣ ልቅሶውንም ነፈግናት ብሎ አዘነ። ዛሬ ይነገራቸው፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ተመለሰ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጎረቤታቸው ሀያት ውስጥ ናት።

«ዛሬስ ነገሩዎት፣ እማማ?»

«ሊነግሩኝ ሲሉ ውሃ ጠየቅሁ። ከነገሩኝማ ኸላስ፣ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ‹ሚስኪ እንዲህ አለች› ይለኛል?»