የኮክ ቀለም ያላቸው ሰባት ፈርጦች

ልጅቱ በጌጣጌጥ ሱቃቸው ውስጥ በእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰባቱን ፈርጦች በነጭ ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉም የበሰለ ኮክ ይመስላሉ፤ ወደ ብርቱካን ያደላ ሮዝ። አንዱ ግን መስታወት ነው። እናቷ ታማ በተኛችበት ሰሞን፣ አባቷ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ለናሙና የሞረደውን መስታወት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቀለው። እኩለ ቀን ላይ አንዲት ሙሽራ ለቀለበቷ ፈርጥ ልትመርጥ ትመጣለች። መስታወቱን ይዛ ከሄደች የሱቁ ስም አለቀለት።

እናቷ ከሦስት ሳምንት በፊት እስክትሞት ድረስ መለየት የእሷ ሥራ ነበር። ጎንበስ ብላ በእያንዳንዱ ላይ ቀስ አድርጋ ትተነፍሳለች፤ የእውነተኛው ጉም ወዲያው ይጠፋል፣ የመስታወቱ ይቆያል። ልጅቱ ስትሞክር ግን «አንቺ ትንፋሽሽን በወሬ ጨርሰሽዋል!» እያለች ትስቅባት ነበር።

ዛሬም ሦስት ጊዜ ሞከረች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሁሉም አንድ ሆነባት።

«አልቻልኩም አባዬ» ብላ ተነሳችና ግድግዳውን ተደገፈች።

በሩ አጠገብ የቆመው አባቷ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሏል።

በባዶው ወንበር ፊት የመጀመሪያው ፈርጥ ጉም ለበሰ፤ ወዲያው ጠራ። ሁለተኛው ለበሰ፤ ጠራ።

«ትንፋሽሽን ያዢ እስቲ» አላት በሹክሹክታ።

«ይዣለሁ። አንተስ?»

አባቷ አፉን በመዳፉ ከደነ።

ሦስተኛው ለበሰ፤ ጠራ። አራተኛው ለበሰ።

የአራተኛው ጉም አልጠፋም።