ወደ ዘጠኝ የተላለፉ ጥሪዎች

«ዛሬስ ጆሯችን አረፈ!» አለች የፈረቃዋ አለቃ፣ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ። የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚቀበሉት ሴቶች ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም የሚንኮሻኮሽ፣ አንድም የሚቆራረጥ ጥሪ አልገባም። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ።»

ፕሮግራመሯ ፈገግ ብትልም ምርቃቱ አልዋጥላት አለ። ጠዋት የጫነችው ትእዛዝ ቀላል ነበር፤ የድምፁ ጥራት የወረደ ጥሪ ሁሉ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ወደ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል እንዲሄድ። እዚያ የሚሠሩት ሁሉም «ጋሽ ጆሮ» የሚሏቸው ሰውዬ ናቸው። ከተሰባበረ ድምፅ ውስጥ ስምና ሰፈር ለቅሞ ማውጣት ያውቁበታል። ማንም ባያነሳውስ ወዴት ይዙር የሚለውን ለነገ ብላ ትታዋለች።

ስክሪኗን ከፈተች። ጥሪ ገባ። ጥራት ወረደ። ወደ ዘጠኝ ተላለፈ። ጥሪ ገባ። ጥራት ወረደ። ወደ ዘጠኝ ተላለፈ። አርባ አንድ ጥሪ፣ ሁሉም ከወንዝ ማዶው ሰፈር፣ ሁሉም ከአንድ የስልክ ማማ። «ተነሳ» የሚል ቃል ፈልጋ አጣች።

«እትዬ፣ ጋሽ ጆሮ ዛሬ አልገቡም እንዴ?»

«ኧረ እሳቸው ሰኞ ጡረታ ወጡ! ክፍሉም ቀለም እየተቀባ ነው። አልነገሩሽም?»

ማንም አልነገራትም። ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሮጠች።

ክፍሉ አዲስ ቀለም ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ ተዘርግቷል፤ ከላስቲኩ ሥር የስልኩ አምስት ቀይ መብራቶች ይብለጨለጫሉ። መሰላል ላይ የቆመው ቀለም ቀቢ ዞር ብሎ አያት። «ደወሉን እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «እረፍት ነሳን እኮ።»

ላስቲኩን ገፋ አድርጋ የመጀመሪያውን አነሳች።

«ሃሎ... ልጄ... ስድስተኛ ጊዜዬ ነው...» የሴትየዋ ድምፅ ብቅ ይላል፣ ይሰጥማል። «ጣራው ላይ... ሕፃናቱን...» ከጀርባዋ ብዙ ሰው የሚያጉረመርም የሚመስል ነገር ይሰማል። ውሃ ነው። የጥሪዎቹ ጥራት ለምን እንደወረደ ያን ጊዜ ገባት፤ ማማው ራሱ ጎርፍ ውስጥ ቆሟል።

«ወንዝ ማዶ!» ብላ ወደ ኮሪደሩ ጮኸች። «ያለው መኪና ሁሉ፣ ጀልባም ካለ፣ ወንዝ ማዶ! ጎርፍ ነው!» ከአዳራሹ ወንበር ሲገፋ፣ አለቃዋ ስትጣራ ሰማች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እየመጡ ነው እናቴ። እንዳይዘጉት። ስንት ናችሁ?»

«አሥራ...» አለች ሴትየዋ።

ከዚያ ወዲያ ትንፋሽም የለም።

ሁለተኛውን ልትነካ ጣቷን ስትዘረጋ መብራቱ ጠፋ። ሦስተኛው ተከተለው። አራተኛው። አምስተኛው ጥቂት ታግሎ እሱም ጠፋ። ማናቸውንም የዘጋ ሰው አልነበረም።

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ባልዲው አፍ ላይ አጋድሞ፣ ቀስ ብሎ ከመሰላሉ ወረደ።